የትርንጎ ቡችላ ጅራት

በአንድ ወቅት፣ ጉሙ ከሰው ቀድሞ ቤት በሚገባበት በአንድ የአፋፍ መንደር፣ አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ክፍሌ በግ አርቢ ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። ትልቁ ደግፌ ዝምተኛና ቁጡ ነው፤ ልቡ ያሰበውን ሳያደርግ አይቀመጥም። ተከታዩ እሸቴ ሳቂታ ነው። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ለጠየቀው ሁሉ እሺ ይላል። የመጨረሻዋ ትርንጎ ናት።

የትርንጎ ጆሮ አይሰማም። ሕፃን ሳለች ትሰማ ነበር፣ አፏንም ቶሎ ነበር የፈታችው። አንድ ክረምት ግን ትኩሳት ጣላት። ድና የተነሳች ዕለት እናቷ ስሟን ጠራቻት፤ ዝም አለች። አስካለ ልጅቷ ያኮረፈች መስሏት እየሳቀች ደግማ ጠራቻት። እንደገና ጠርታት ዞር ሳትል ስትቀር ግን ምድጃው አጠገብ ዘፍ ብላ ቁጭ አለች። ትርንጎ መናገሩን አልረሳችም። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ብቻ፣ በምስጢር ሊባል የሚገባውን ትጮኸዋለች፣ ሊጮህ የሚገባውን ታንሾካሹከዋለች።

ክፍሌ ዳማ የምትባል ውሻ ነበረችው። በዚያ አገር በግ ያለው ሰው ሁሉ የውሻውን ጅራትና ጆሮ በቡችላነቱ ይቆርጣል፤ ጅብ የሚይዘው እንዳያገኝ ነው። ክፍሌም የዳማን ሊቆርጥ አስቦ ነበር። ልጁ ከታመመች ወዲህ ግን አንድ ነገር አየ። ትርንጎ ከውሻዋ ጅራት ላይ ዓይኗን አትነቅልም። ጅራቱ ሲወዛወዝ የቤት ሰው መጣ ብላ ወደ ደጅ ትወጣለች። ቀጥ ብሎ ሲቆም እንግዳ ነው ብላ እናቷን ትጠራለች። በዳማ እግሮች መካከል ሲወሸቅ ደግሞ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትሮጣለች። አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ የዳማ ጅራት ተወሸቀ፤ ትርንጎ ዳገቱን ወጥታ ዞር ብትል፣ ስታጥብበት የነበረውን ድንጋይ ደራሽ ውሃ ውጦታል። ክፍሌ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መቁረጥ አላነሳም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ክፍሌ በጎቹን ከአፋፉ እየመለሰ ሳለ ጅብ መጣ። ዳማ ገጠመችው። ጅቡ ዞረና ጅራቷን ነክሶ ወደ ገደሉ ጠርዝ ይጎትታት ጀመር። ክፍሌ ዱላውን ጥሎ በፊት እግሮቿ ያዛት። እሱ ወዲህ ይስባል፣ ጅቡ ወዲያ ይስባል። ደግፌ ከማዶ ሆኖ ያያል።

«አባዬ፣ ልቀቃት!» እያለ ሮጠ። «አባዬ፣ ልቀቃት!»

ክፍሌ አልለቀቃትም። አፈሩ በዝናብ የራሰ ነበርና ጠርዙ ተናደ፤ ሦስቱም አብረው ወረዱ። ደግፌ ሲደርስ ከገደሉ ሥር የሚታየው ጉም ብቻ ነበር። ቆሞ ጠራ፣ ጠራ። የሚመልስለት ሲያጣ በሆዱ ተኛና ሰዎች መጥተው እስኪያነሱት ድረስ አፈሩን ጨብጦ ቀረ።

ክፍሌ ከተቀበረ በኋላ ቤቱ ውስጥ የዳማ ቡችላ ቀረ፤ አንድ፣ ዓይኑን ገና የገለጠ። ትርንጎ ጨርቅ በበግ ወተት እየነከረች አጠባችው። በነጠላዋ ታዝለዋለች፣ ከእሷ ጋር ይተኛል። «ጆሮዬ» ብላ ስም አወጣችለት።

የአባታቸው አርባ እንደወጣ ደግፌ እናቱን አላት፦

«እማ፣ የዚህን ቡችላ ጅራት እቆርጣለሁ። ጆሮውንም።»

«እሷስ?» አለች አስካለ።

«እሷን እኛ እንጠብቃታለን። አባዬ የዳማን ለእሷ ብሎ ተወው። ይኸው አባዬ የለም።»

ይህን ሲል እጁ በአየር ላይ የመቁረጥ ምልክት ሠራ። ትርንጎ ቃሉን ባትሰማም እጁን አየችው። ቡችላውን አፈፍ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«አይቆረጥም!» ጩኸቷ እስከ ጎረቤት ተሰማ። «ይሄ ጆሮዬ ነው! የራስህን ጆሮ ቁረጥ!»

ከዚያ ወደ እሸቴ ዞረች። ከወንድሞቿ የምትቀርበው እሱን ነው። «አንተ ማልልኝ። ማንም እንዳይነካው ማልልኝ» አለችው። እሸቴ ወንድሙን አየ፣ እናቱን አየ፣ የእህቱን የራሰ ዓይን አየ። መዳፉን አናቷ ላይ አሳርፎ ማለላት።

አስካለ ግን እንቅልፍ አጣች። ለአንዱ ስታዝን ሌላው ይታያታል። ልጇን ስታይ፣ ይህ ጅራት ከተቆረጠ ዳግመኛ እንደምትደነቁር ይሰማታል። ደግፌ በጎቹን ይዞ ወደ አፋፉ ሲወጣ ደግሞ እስኪመለስ ድረስ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፤ እጇ ሥራ አይዝላትም።

አንድ ማለዳ በጎቹን ልታይ ወጣች። ደግፌ የበረቱን አጥር ተደግፎ ተቀምጧል። ዱላው ጭኑ ላይ ነው፣ ጠጉሩ በጉም ርሶ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። አባቱ ከሞተ ወዲህ፣ የደረሰ ውሻ ስለሌለ፣ በየሌሊቱ እዚያ ያድር ኖሯል። ለማንም አልተናገረም። አጠገቡ ጭቃው ላይ የጅብ ዱካ ነበር።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለች።

«ምንም አልሆንም» አለና ሊስቅ ሞከረ። «ጅቡ በምን ይይዘኛል? ጅራት የለኝ።»

አስካለ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ዱካውን አየች። ከዚያ፣ «ጆሮውን ተወው» አለችው። «ጅራቱን ቁረጥ። እኔ እይዝልሃለሁ።» ጆሮው ከቀረለት ልጇ እሱን እያየች ትረዳለች ብላ ነበር።

እሸቴን ለብቻው ጠርታ፣ «እህትህን እንጆሪ ለቀማ ይዘሃት ውጣ። ቡችላውን እኔ ዘንድ ትተወው» አለችው። እሸቴ ለምን እንደሆነ ገባው። የማለበት መዳፉን በሌላው እጁ ጨበጠው። ሆኖም የወንድሙን የራሰ ጠጉር እሱም አይቶ ነበር። እህቱን ይዞ ወጣ። ትርንጎ መንገዱን ሁሉ ዜማ በሌለው ድምፅዋ ስትዘፍን ሄደች። የደረሰውን እንጆሪ እየመረጠች አፉ ውስጥ ትከትለታለች። እሸቴ ፊቷን ሳያይ ይቀበላል።

ደግፌ ካራውን እሳት ውስጥ ጨመረ። አስካለ ቡችላውን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣ ዓይኑንም በመዳፏ ሸፈነች። ቡችላው ጨዋታ መስሎት አውራ ጣቷን ይልሳል። «ቶሎ በል» አለች። አንዴ ብቻ ጮኸ። ቁስሉን አመድና ቅቤ ቀቡት፤ አስካለ እጇን ደጋግማ ታጠበች።

ትርንጎ ስትመለስ ቡችላው እንደ ወትሮው ሊቀበላት አልሮጠም። ጥግ ላይ ተኮራምቷል። አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ አየችው።

«ማን ነው?» አለች፣ በዚያ በሚያንሾካሹክ ድምፅዋ።

ደግፌ ደረቱን መታ። «እኔ።»

ትርንጎ ወደ እሸቴ ዞረች፤ እሸቴ የእንጆሪውን ቅርጫት ያያል። ወደ እናቷ ዞረች። አስካለ ደም የነካውን የነጠላዋን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፋ ያዘች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትርንጎ ደግፌን አታናግረውም። ምግቡን ፊቱን ሳታይ አስቀምጣለት ትሄዳለች። ደግፌም አልተከላከለም፤ እማ ናት የያዘችልኝ አላለም። ከእናቷ ጋር ግን ትርንጎ የበለጠ ተጣበቀች። አንድ ቀን ከሰዓት፣ በጭኗ ላይ ጋደም ብላ፣ «እማ፣ ያን ቀን ደግፌን ብታዪው ኖሮ አትፈቅጂለትም ነበር፤ አይደል?» አለቻት። አስካለ ጠጉሯን ዳበሰች። ትርንጎ መልስ ያገኘች መስሏት ዓይኗን ጨፈነች።

ቡችላው አደገ፤ ትልቅ፣ ደረተ ሰፊ ውሻ ሆነ። አስካለ ተስፋ ያደረገችበት ጆሮው ግን እንደ ቅጠል ወርዶ ተንጠለጠለ፤ ደስ ቢለውም ቢፈራም ያው ነው። ደግፌ «መከታ» ይለዋል፣ ትርንጎ «ጆሮዬ» ማለቷን አልተወችም። ለሁለቱም ስም ይመጣ ነበር።

አንድ ቀን እሸቴ ከበጎቹ ጋር ሳለ ጉም ወረደ። ድንጋይ አዳለጠውና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ መነሳት አቃተው። በቀን፣ በጉሙ ውስጥ፣ ጅብ ወደ እሱ መጣ። ውሻው መካከል ገባ። ጅቡ እንደ ልማዱ ከኋላ ዞሮ ጅራቱን ሊይዝ ዘለለ፤ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ጥርሱ ቆዳው ላይ ተንሸራተተ። ያን ጊዜ ውሻው ተጠምዝዞ አፍንጫውን ዘነጠለው፣ ጅቡም እየጮኸ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። እሸቴ ይህን ሁሉ ከውሻው እግር ሥር ሆኖ አየ። ደግፌ በጀርባው ተሸክሞ ቤት አስገባው።

ያን ቀን ራት ሲቀርብ ትርንጎ ከወጡ በእንጀራ ጠቀለለችና ደግፌ ፊት ሄዳ ቆመች። አጎረሰችው። ደግፌ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ አለቀሰ፤ ለአባቱ ቀብር እንኳ እንዲያ አላለቀሰም ነበር። ትርንጎም፣ «በቃ። ጀርባውን ማንበብ ተምሬያለሁ» አለችው። እውነትም ተምራ ነበር፣ ሲቆጣ ጠጉሩ እንደሚቆም ታውቃለች። የፍርሃቱን ምልክት ግን አላገኘችውም። ውሻው ሲፈራም ሲጫወትም የቀሚሷን ጫፍ ነክሶ መጎተት ይወዳል።

በልግ መግቢያ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ አንድ ማለዳ፣ ትርንጎ የሚታጠብ ልብስ ተሸክማ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ነይ አብረን እንውረድ።»

«ሥራ አለብኝ» አለች አስካለ በእጇ ምልክት። ሥራ አልነበረባትም።

ትርንጎ ውሻውን ጠርታ ወደ ወንዙ ወረደች።

ከላይ ከተራራው ላይ ዘንቦ ኖሯል። የሆነውን ያየችው ከወዲያኛው ዳር ጥጃ የምትጠብቅ ማዘንጊያ የምትባል ጎረቤት ናት። ውሻው መጀመሪያ ጮኸ። ቀጥሎ ቀሚሷን ነክሶ ጎተተ። ትርንጎ እየሳቀች በራሰ እጇ ገፋችው፣ «ተው አንተ፣ ሥራ ላይ ነኝ!» ስትልም ተሰማ። ደግሞ ጎተታት፤ ውሃ ረጨችበት። ማዘንጊያ እየጮኸች፣ ነጠላዋን እያውለበለበች ሮጠች፤ ትርንጎ አጎንብሳ ነበር። ውሃው መጣ። ውሻው ቀሚሷን እንደነከሰ አብሯት ገባ።

እሱ ከታች፣ ወንዙ ሰፋ ከሚልበት ቦታ ወጣ። አፉ ውስጥ የቀሚሷ ቁራጭ ነበር። እሷን በማግስቱ አገኟት።

ደግፌ ለቅሶው ዳስ ውስጥ አልገባም። ውጭ፣ ውሻው አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐዘኑ ሲያበቃ ልብሱን ጠቀለለ። «እህቴን ገድዬ በዚህ ቤት እንጀራ አልበላም» አለ። አስካለ ወገቡ ላይ ተጠመጠመች፤ እሸቴ በሩን ዘጋ። ለምኖ የሚመልሰው ቢጠፋ ሽማግሌዎች ተጠሩ። ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አባ ተድላ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ተናገር» አሉት።

ደግፌ እንዲህ አለ፦ «ካራው የእኔ ነው፣ እጁም የእኔ ነው። በጎቹን፣ እማን፣ እሸቴን ለማዳን ብዬ ቆረጥኩ። እውነት ነው። ግን ሁሉም እውነት እሱ አይደለም። አባዬ የዳማን ጅራት ለእሷ ብሎ ነው የተወው። በልቤ ተቀይሜያት ነበር። ስቆርጥም ቂም ይዤ ነው የቆረጥኩት። እሷ ይህን ሳታውቅ አጎረሰችኝ።»

እሸቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። «አባቶቼ፣ እሱ አልዋሻትም፤ ቆርጬዋለሁ ብሎ ደረቱን መታ። የዋሸኋት እኔ ነኝ። አናቷ ላይ ምዬ በዚያው እጄ ይዣት ወጣሁ። ባልወስዳት ኖሮ ቡችላውን ከጉያዋ ማን ያወጣው ነበር? ከዚያ ደግሞ እኔን ጅብ ሊበላኝ ሲል ያው የተቆረጠው ጅራት አዳነኝ። እሷ የሞተችበትን እኔ እየኖርኩበት ነው። ታዲያ ከእኔ ሌላ ማን ይጠየቅ?»

አስካለ መሬት መሬቱን እያየች መናገር ጀመረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበርና ሽማግሌዎቹ ለመስማት ተጠጉ።

«ቁረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። እናት ነኝ፣ አይሆንም ብለው እጁን አያነሳም ነበር። ቡችላውን ጭኔ ላይ የያዝኩት እኔ፣ ልጄን ከቤት ያስወጣኋት እኔ። ይሁን፣ ይህንንስ ለልጆቼ ብዬ ነው። ግን ማን ነው ስትል ዝም አልኩ። ልጄ ደግፌን ስትቀየም እያየሁ ዝም አልኩ። ጭኔ ላይ ተኝታ ጠየቀችኝ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከእሷ ጋር ብቻዬን መሆን ፈራሁ፤ ደግማ ብትጠይቀኝስ ብዬ። ያን ቀን፣ እማ ነይ አብረን እንውረድ አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት። እኔ እሰማ ነበር እኮ። ውሃው ሲመጣ እኔ እሰማ ነበር።»

ማዘንጊያ ከዳር ሆና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

አባ ተድላ፣ «ልጆቼ፣ ወንዝ ነው የወሰዳት» አሉ። «ወንዝ ደግሞ ጆሮ ያለውንም ይወስዳል። ጅራቱ ቢኖርስ በዚያች ቅጽበት ታየዋለች ብሎ ማን ይምላል?»

«አባቴ» አለ ደግፌ፣ «የዳማ ጅራት አንድ ጊዜ ከዚያው ወንዝ አውጥቷታል።»

አባ ተድላ ተነሱና ሌሎቹን ጠሩ።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው መከሩ። አንዱ፣ ካራው ባይኖር ቃልም መሐላም ምንም አያመጣም አለ። ሌላው፣ ካራው የታየ ነው፣ ልጅቷም ይቅር ብላዋለች፤ የፈረሰ መሐላ ግን እሷ ሳታውቀው ቀረ፣ ይቅር የሚለው የለም አለ። ሦስተኛው፣ የእናት ዝምታ ከሁሉም ከበደኝ አለና ወዲያው እናት ላይ መናገሩ አሳፈረው። ሌላ ደግሞ፣ ጅራቱ ባይቆረጥ ዛሬ የምናለቅሰው ለእሸቴ ነበር፤ ያን ጊዜስ ትርንጎን ጥፋተኛ ልንል ነው? አለ። ፀሐይ አዘቀዘቀች። ሳይስማሙ ተነሱ፤ እናትና ልጆቿ እዚያው ዛፍ ሥር፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ ተቀምጠው ቀሩ።

የዚያ አገር ሰው ይህን ፍርድ እስካሁን ይከራከርበታል፤ እኔም ይዤላችሁ መጣሁ። ወንድምና እናቱን ሊያድን ብሎ፣ ቂምም ይዞ የቆረጠው ደግፌ አለ። የማለላትን ከድቶ፣ በዚያው ክህደት የዳነው እሸቴ አለ። ሁለት ልጆቿን መዝና ቡችላውን የያዘች፣ ከዚያም ዝም ያለች አስካለ አለች። ሁሉም ይወዷት ነበር፣ ሁሉም ጥፋቱ የእኔ ነው ይላሉ፣ አንዱም ለሌላው አልለቅም ብሏል። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ የትርንጎን ሞት ተሸክሞ መኖር የሚገባው ማን ነው?